የድኝ ዘመድ በተበከለ አፈር ውስጥ

ካድሚየም የተባለው ብረት ለጎመን ምንም አይጠቅመውም። ለስንዴም፣ ለሩዝም፣ ለሰላጣም እንዲሁ። ካድሚየም በመጥፋቱ የሚቆም የእነዚህ ተክሎች ሥራ የለም። ሆኖም አፈሩ ውስጥ ካለ ጎመኑ ይስበዋል፤ ከሥሩ ወደ ግንዱ፣ ከግንዱ ወደ ቅጠሉ ያሳልፈዋል፤ በመጨረሻም ገበታችን ላይ ይደርሳል። ተክል የማይፈልገውን ነገር ለምን ያስገባል? ሴሌኒየም ተክሎችን በከባድ ብረቶች በተበከለ አፈር ውስጥ እንዴት እንደሚያግዝ ለመረዳት የሚሻለው መነሻ ይህ ጥያቄ ነው። መልሱን በደንብ ከያዙት ቀሪው ሁሉ ከዚያው ይመዘዛል።

ከባድ ብረቶች የምንላቸው እንደ ካድሚየም፣ እርሳስ፣ ሜርኩሪ (በጥንቱ ስሙ ባዜቃ) እና ክሮሚየም ያሉትን፣ በትንሽ መጠንም ቢሆን ሕይወት ያለውን ነገር ሊጎዱ የሚችሉ ንጥረ ነገሮችን ነው። አርሴኒክ በኬሚስቶች አመዳደብ ሙሉ ብረት ባይሆንም በጉዳቱ ስለሚመሳሰላቸው አብሮ ይቆጠራል። ወደ እርሻ የሚደርሱት በማዕድን ማውጫ ዝቃጭ፣ በፋብሪካ ፍሳሽ፣ በተጣለ ባትሪ፣ አንዳንዴም ካድሚየም ካለበት የፎስፌት ድንጋይ በተሠራ ማዳበሪያ በኩል ነው። ከሌላው ብክለት የሚለዩበት አንድ ጠባይ አላቸው። ብዙ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች በጊዜ ብዛት ይፈራርሳሉ፤ ደቂቅ ሕዋሳትም ይበሏቸዋል። ካድሚየም ግን ራሱ ንጥረ ነገር ስለሆነ ከዚያ ወዲያ የሚፈራርስበት ነገር የለውም። ቦታና መልክ ሊለውጥ ይችላል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ስለ ከባድ ብረት ስናወራ መጠየቅ ያለብን «አሁን የት ነው ያለው? በምን መልክ?» ብለን ነው። ሴሌኒየምም ብረቱን አያጠፋውም፤ የሚለውጠው ቦታውን፣ መልኩን፣ እንዲሁም ተክሉ ጉዳቱን የሚቋቋምበትን አቅም ነው።

አሁን ወደ ሥሩ እንውረድ። የሥር ሴል ዙሪያውን በቀጭን ሽፋን የተከበበ ነው። በውኃ የሟሟ ማዕድን ይህን ሽፋን እንዲሁ ሰንጥቆ አያልፍም፤ በሽፋኑ ላይ የተተከሉ አሻጋሪ ፕሮቲኖች (ትራንስፖርተሮች) ተቀብለው ወደ ውስጥ ያስገቡታል። አንዱ አሻጋሪ ለዚንክ፣ ሌላው ለማንጋኒዝ፣ ሌላው ለፎስፌት የተሠራ ነው። ነገር ግን አሻጋሪው የእያንዳንዱን ቅንጣት ማንነት አያውቅም። የሠርግ በረኛ ሚዜዎቹን ሁሉ በመልክ ስለማያውቅ በለበሱት ልብስ እየለየ እንደሚያስገባ፣ አሻጋሪውም የሚለየው በቅንጣቷ መጠን፣ በቅርጿና በኤሌክትሪክ ሙሏ ነው። ካድሚየም በውኃ ውስጥ ሲሟሟ የሚይዘው ሙል ከዚንክ፣ ከማንጋኒዝ፣ ከካልሲየምና ተክሉ ከሚወስደው አይረን (በምስማር ውስጥ ካለው ብረት) ጋር አንድ ነው፤ መጠኑም ከእነሱ አይርቅም። ስለዚህ በእነሱ መግቢያ ይገባል። በሩዝ ላይ የተደረገው ምርምር ካድሚየም በዋናነት የሚገባው ማንጋኒዝን ለማስገባት በተሠራ አሻጋሪ በኩል መሆኑን በግልጽ አሳይቷል።

ሌሎቹም እንዲሁ የየራሳቸው አምሳያ አላቸው። አርሴኒክ አየር ባለበት አፈር ውስጥ አርሴኔት በሚባል መልክ ይገኛል፤ አርሴኔት ፎስፌትን ስለሚመስል በፎስፌት መግቢያ ያልፋል። ውኃ በተኛበት የሩዝ ማሳ ውስጥ ደግሞ አርሴናይት ወደሚባል መልክ ይለወጥና በሲሊከን መግቢያ ይገባል። ክሮሚየም እጅግ መርዛማ በሆነው መልኩ፣ ክሮሜት ሲሆን፣ በሰልፌት መግቢያ ያልፋል። ሰልፌት ተክል ድኝን ከአፈር የሚወስድበት መልክ ነው። እነዚህን ሦስት መግቢያዎች፣ ማለትም የሰልፌትን፣ የፎስፌትንና የሲሊከንን፣ ልብ ይበሏቸው፤ ሴሌኒየምን የምናገኘው እነሱው ዘንድ ነው።

ካድሚየም ከገባ በኋላስ ምን ያደርጋል? የሴል ሥራ የሚከናወነው በኢንዛይሞች ነው፤ ኢንዛይሞች ፕሮቲኖች ናቸው፤ ፕሮቲኖች የሚሠሩት ከአሚኖ አሲዶች ነው። ከአሚኖ አሲዶቹ አንዱ ሲስቴይን ይባላል። ሲስቴይን በጫፉ ላይ ድኝና ሃይድሮጂን የያዘ ክፍል አለው፤ የብዙ ኢንዛይሞች ሥራም በዚህ ጫፍ ላይ የተመሠረተ ነው። ካድሚየም፣ ሜርኩሪና አርሴናይት ድኝን አጥብቀው ይወዳሉ። ይህን ጫፍ ሲያገኙ ይይዙታል፣ ኢንዛይሙም ሥራ ይፈታል። ካድሚየም ከዚህ ሌላ ዚንክን ወይም ካልሲየምን ከትክክለኛ ቦታቸው አስለቅቆ ራሱ ይቀመጥበታል። ቦታውን ይዞ ሥራውን ግን አይሠራም።

ሁለተኛው ጉዳት ይበልጥ ይሰፋል። ተክል ብርሃንን ተጠቅሞ ምግቡን ሲሠራና ሲተነፍስ ኤሌክትሮኖች ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል ይተላለፋሉ። በመንገዱ ላይ ያለ ኢንዛይም ከታገደ ኤሌክትሮኖቹ መስመራቸውን ስተው ከኦክስጅን ጋር ይጣበቃሉ። ከዚህ የሚወለዱት ነውጠኛ የኦክስጅን ዓይነቶች ናቸው፦ ሱፐርኦክሳይድ፣ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድና ከሁሉ የከፋው ሃይድሮክሲል ራዲካል። የሴሉን ሽፋን የሠራውን ቅባት ያበላሻሉ፤ ፕሮቲንንና የዘር መልእክት የያዘውን ዲኤንኤ ይሰብራሉ። ካድሚየም ራሱ ኤሌክትሮን አይሰጥም፣ አይቀበልምም። ጉዳቱን የሚያደርሰው የሌሎችን መስመር በማወክ ነው። ይህ ዝርዝር ኋላ ሴሌኒየም የት ላይ እንደሚረዳ ለማየት ያስፈልገናል።

ተክሉ ይህን ሁሉ እጁን አጣጥፎ አያይም። ግሉታታዮን የሚባል ትንሽ ሞለኪውል አለው፤ ከሦስት አሚኖ አሲዶች የተሠራ ሲሆን አንደኛው ድኝ ያለበት ሲስቴይን ነው። ግሉታታዮን ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ነውጠኛ ኦክስጅኖችን ማብረድ ነው። ሁለተኛውን ማወቅ የጀመርነው እ.ኤ.አ. በ1985 የጀርመን ተመራማሪዎቹ ኤርቪን ግሪል፣ ኤርንስት ሉድቪግ ቪናከርና ማይንሃርት ዜንክ ባሳተሙት ሥራ ነው፦ ተክሉ ግሉታታዮንን እየቀጣጠለ ፋይቶኪላቲን የሚባል ሰንሰለት ይሠራል፣ ሰንሰለቱ በብዙ ድኞቹ ካድሚየሙን አንቆ ይይዘዋል፤ ከዚያም ሁለቱ አብረው ቫክዩል ወደሚባለው የሴሉ ማከማቻ ይጓዛሉ። እዚያ የተቆለፈ ካድሚየም ኢንዛይም አያግድም። ይህ ድንቅ መከላከያ ቢሆንም ችግር አለበት። ብረቱን ለማሰር ብዙ ግሉታታዮን ከወጣ ነውጠኛ ኦክስጅንን ለማብረድ የሚቀረው ያንሳል። በከባድ ብረት የተጠቃ ተክል የሚደክመው በአብዛኛው በዚህ መሐል ነው፤ አንድ ሀብት ለሁለት ጦርነት አይበቃውም።

እንግዲህ ሴሌኒየምን እናስተዋውቅ። ስዊድናዊው ኬሚስት ዮንስ ያኮብ ቤርሴሊየስ እ.ኤ.አ. በ1817 ያገኘው የድኝ አሲድ (ሰልፈሪክ አሲድ) ከሚመረትበት ፋብሪካ ዝቃጭ ውስጥ ነው። ከድኝ ጋር መገኘቱ አጋጣሚ አይደለም። በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ ሴሌኒየም ከድኝ በታች፣ በአንድ ዓምድ ላይ ነው። በአንድ ዓምድ ያሉ ንጥረ ነገሮች በውጫዊ ኤሌክትሮኖቻቸው ስለሚመሳሰሉ ተመሳሳይ ውህድ ይሠራሉ። ድኝ ሰልፌት ሲሆን ሴሌኒየም ሴሌኔት ይሆናል፤ ድኝ ሲስቴይን ውስጥ ሲገባ ሴሌኒየም ሴሌኖሲስቴይን ውስጥ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ከሚያነቡት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዘው መሄድ ቢኖርብዎ ይህ ዝምድና ይሁን፤ ሴሌኒየም የሚጠቅመውም የሚጎዳውም በዚሁ ነው።

ለሰውና ለእንስሳ ሴሌኒየም የግድ ያስፈልጋል። አስፈላጊነቱ እ.ኤ.አ. በ1957 በአይጦች ላይ ታወቀ፤ በ1973 ደግሞ ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የሚባለው ነውጠኛ ኦክስጅንን የሚያበርድ ኢንዛይም በመሐሉ ሴሌኒየም እንዳለው ተረጋገጠ። ለጤፍና ለጎመን፣ በጠቅላላው ለአበባ አውጪ ተክሎች ግን ሴሌኒየም የግድ ማስፈለጉ አልተረጋገጠም። በእነሱ ተመሳሳይ ኢንዛይሞች መሐል ያለው ተራ ድኝ ነው። ስለዚህ «ሴሌኒየም የተክሉ ኢንዛይም አካል ሆኖ ይሠራል» የሚለው ቀላል ማብራሪያ ለተክል አይሠራም፤ ሌላ መንገድ መፈለግ አለብን።

ተክሉ ሴሌኒየምን በሁለት ዋና መልክ ይወስዳል። አንዱ ሴሌኔት ነው፤ በሰልፌት መግቢያ ይገባል፣ በቀላሉም ወደ ቅጠል ይወጣል። ሌላው ሴሌናይት ነው፤ በፎስፌት መግቢያ፣ በሩዝ ደግሞ በሲሊከንም መግቢያ ይገባል። ሴሌናይት ሥር ውስጥ እንደገባ በአብዛኛው እዚያው ሴሌኖሜቲዮኒንን ወደመሳሰሉ አሚኖ አሲዶች ይለወጥና ከሥሩ ብዙም አይርቅም። በአንድ ሙከራ ላይ ሴሌኒየም ጠቅሞ በሌላው ላይ ጎድቶ ካዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት የትኛው መልክ እንደነበር ይሁን።

እርዳታው የሚጀምረው ከሥሩ ውጭ፣ ገና አፈሩ ውስጥ ሳለ ነው። ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ግልጹ በቻይና ጉዪጆ ክፍለ ሀገር የሚገኘው ዋንሻን ነው። ዋንሻን ለብዙ መቶ ዓመታት ሜርኩሪ ሲወጣበት የኖረ አካባቢ ነው፤ ማዕድን ማውጫው ከተዘጋ በኋላም ዝቃጩ ቀርቷል። ውኃ በተኛበት የሩዝ ማሳ ጭቃ ውስጥ አየር ስለሌለ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሜርኩሪውን ሜቲልሜርኩሪ ወደሚባል፣ የነርቭ ሥርዓትን ወደሚጎዳ መልክ ይለውጡታል፤ ሩዙም ይህን መልክ ይስባል። በአካባቢው ለሚኖሩ ሰዎች ዋነኛው የሜቲልሜርኩሪ ምንጭ ሩዝ መሆኑን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ታዲያ በዚያው አካባቢ አፈሩ ሴሌኒየም በበዛበት ማሳ ላይ የበቀለው ሩዝ የያዘው ሜርኩሪ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ የሚገኘው በጭቃው ኬሚስትሪ ነው። አየር በሌለበት ሴሌኒየም ኤሌክትሮን እየተቀበለ ወደ ሴሌናይድ ይለወጣል። ሜርኩሪ ድኝን እንደሚወድ አይተናል፤ ሴሌኒየምን ደግሞ ከድኝም አብልጦ ይወዳል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚሠሩት ሜርኩሪ ሴሌናይድ እጅግ አነስተኛ በሆነ መጠን ከሚሟሙ ውህዶች አንዱ ነው። ያልሟሟ ነገር በአሻጋሪ ፕሮቲን አያልፍም፤ ባክቴሪያም በቀላሉ አይለውጠውም። ሜርኩሪው ከማሳው አልወጣም፣ ግን ለሥሩ የማይደረስ ሆነ። በእንስሳ ላይ ይህ የሁለቱ መፋለም ቀደም ብሎ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በፕራግ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ሴሌናይት አይጦችን ከሜርኩሪ መርዝ እንደሚከላከል አሳይተዋል።

ቀጥሎ ያለው የመግቢያው ፉክክር ነው። ክሮሜትና ሴሌኔት ሁለቱም በሰልፌት መግቢያ እንደሚሄዱ አስቀድመን አይተናል። በአንድ መግቢያ ሁለት ተፎካካሪ ሲቆሙ አንዱ በበዛ ቁጥር የሌላው ድርሻ ያንሳል። አርሴናይትና ሴሌናይትም በሩዝ ሲሊከን መግቢያ ላይ ይገናኛሉ። ካድሚየም ግን ከሴሌኒየም ጋር የጋራ መግቢያ የለውም፤ አንዱ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ ሙል ነው ያለው። ሆኖም በብዙ የሩዝና የስንዴ ሙከራዎች ላይ መጠነኛ ሴሌኒየም የካድሚየምን መግባት ቀንሷል። እዚህ ላይ የሚሠራው ፉክክር ሳይሆን የተክሉ የራሱ ማስተካከያ ነው፦ ካድሚየምን የሚያስገቡት አሻጋሪዎች ቁጥር ሲቀንስ፣ የሥሩ ሴል ግድግዳም ብረት የሚይዝበት ቦታ ሲጨምር ታይቷል። የሴል ግድግዳው ውስጥ ያለው ፔክቲን አሉታዊ ሙል ስላለው ካድሚየምን በሥሩ አስቀርቶ ወደ ላይ የሚወጣውን ይቀንሳል።

ሴሉ ውስጥ ደግሞ ሴሌኒየም የድኝን የሥራ መስመር ያነቃቃል። ሴሌኔት በሰልፌት መግቢያ ገብቶ በዚያው የድኝ መስመር ሲጓዝ ተክሉ የመስመሩን ኢንዛይሞች ያበዛል፤ ግሉታታዮንና ፋይቶኪላቲንም በተሻለ መጠን ይመረታሉ። ቀደም ብለን ያየነውን ችግር ያስታውሱ፦ አንድ ሀብት ለሁለት ጦርነት። መጠነኛ ሴሌኒየም ያገኘ ተክል ብረቱን ወደ ቫክዩል አስሮ የሚልክበትም፣ ነውጠኛ ኦክስጅንን የሚያበርድበትም ይተርፈዋል።

ነውጠኛ ኦክስጅንን በማብረድ ረገድ ያለው ሚና ከሁሉም ይበልጥ የተጠናው ነው፤ ጠለቅ ብለን ብናየው አይጸጽትም። ተክሉ ሱፐርኦክሳይድን ወደ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የሚለውጥ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይዱን ደግሞ ካታሌዝ፣ እንዲሁም በቫይታሚን ሲ የሚሠራው አስኮርቤት ፐርኦክሲዴዝ ወደ ውኃ ይመልሱታል። ሥራው ሰንሰለት ስለሆነ አንዱ ቢዘገይ መርዙ በመሐል ይከማቻል። በካድሚየም በተጠቃ ተክል ላይ ትንሽ ሴሌኒየም ሲጨመር የእነዚህ ኢንዛይሞች ሥራ ሲጠናከር በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ጉዳቱ መቀነሱንስ በምን ያውቃሉ? የሴል ሽፋን ቅባት ሲበላሽ ማሎንዲአልዴሃይድ የሚባል ስብርባሪ ይቀራል፤ የእሱን መጠን በቤተ ሙከራ ይለካሉ። ስብርባሪው ካነሰ ሽፋኑ ድኗል ማለት ነው። ሴሌኒየም የተክሉ ኢንዛይም አካል ካልሆነ ይህን እንዴት ያደርጋል? ተመራማሪዎች በብዛት የሚሰጡት ማብራሪያ ትንሽ ሴሌኒየም ራሱ ለተክሉ ለስለስ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው የሚል ነው። ተክሉ በትንሹ ሲነካካ መከላከያውን አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ ካድሚየሙ ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ ያገኘዋል። ይህን ማብራሪያ እኔም አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የምናየውን የመጠን ጉዳይ አብሮ ያስረዳል።

በቅጠሉ ላይ ደግሞ ውጤቱ በዓይን ይታያል። ካድሚየም ክሎሮፊልን የሚሠሩ፣ በድኝ ጫፋቸው የሚሠሩ ኢንዛይሞችን ስለሚያግድ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ብርሃን አስተጻምሮም ይደክማል። መጠነኛ ሴሌኒየም ባገኘ ተክል ላይ መገርጣቱ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ሌላው ፊቱ እንዙር። ፊንላንዳዊቷ የአፈር ሳይንቲስት ሄሊና ሃርቲካይነንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሥራ በአፈር ላይ የተለያየ መጠን ሴሌኒየም ጨምረው ራይግራስ የተባለ የመኖ ሣር አበቀሉ። በኪሎ አፈር 0.1 ሚሊግራም ሲጨምሩ የሽፋን ቅባት ጉዳት ቀነሰ። 10 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲጨምሩ ግን ያው ሴሌኒየም ራሱ ጉዳት አድራሽ ሆነ። ምክንያቱ ያው ዝምድና ነው። ሴሌኒየም ሲበዛ የፕሮቲን መሥሪያው በሲስቴይን ፋንታ ሴሌኖሲስቴይንን እየሳተ ይሰካል። ሁለቱ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ የፕሮቲኑ መታጠፊያ ይበላሻል፣ ሥራውም ይቆማል። ካድሚየም ዚንክን አስመስሎ ቦታውን እንደሚነጥቅ ሁሉ ሴሌኒየምም በዝቶ ሲገኝ የድኝን ቦታ ይነጥቃል። እንደ አስትራጋለስ ቢሱልካተስ ያሉ ጥቂት የአሜሪካ ተክሎች ሴሌኒየሙን ፕሮቲን ውስጥ ወደማይገባ አሚኖ አሲድ እየለወጡ በቅጠላቸው ላይ በብዛት ያከማቹታል፤ እነሱን የሚግጡ ከብቶች ይመረዛሉ። ሰብሎቻችን ግን ይህ ችሎታ የላቸውም።

መጠኑ በእርሻ ላይ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ለማየት ፊንላንድ ጥሩ አስተማሪ ናት። አፈሯ ለሰብል የሚደርስ ሴሌኒየም ስለሚጎድለው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሶዲየም ሴሌኔት ማዳበሪያ ውስጥ ትጨምራለች። ዓላማዋ የሕዝቧን ሴሌኒየም ማስተካከል እንጂ ከባድ ብረትን መከላከል አልነበረም፤ ለእኛ የሚጠቅመን የመጠኑ ጥንቃቄ ነው። በ2007 የተወሰነው መጠን በአንድ ኪሎ ማዳበሪያ 15 ሚሊግራም ነበር። አብረን እናስላው፦ አንድ ገበሬ በሄክታር 500 ኪሎ ማዳበሪያ ቢጠቀም ሄክታሩ የሚያገኘው ሴሌኒየም 7.5 ግራም ብቻ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር በእጅ ለብቻው በትኖ እኩል ማዳረስ አይቻልም፤ ስለዚህ ነው ፋብሪካ ውስጥ ከማዳበሪያው ጋር የሚቀላቀለው። ለሰውም ክልሉ ጠባብ ነው፤ በአሜሪካ መመዘኛ ለአዋቂ በቀን የሚመከረው 55 ማይክሮግራም ሲሆን መታለፍ የሌለበት ጣሪያ 400 ማይክሮግራም ነው። በተክል ሙከራዎች ላይ የተጻፉ አስደናቂ ውጤቶችን ሲያነቡ ብዙዎቹ በማሰሮ አፈር ወይም አፈር በሌለበት የማዕድን ውኃ ላይ የተገኙ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። እዚያ መጠኑን በትክክል መቆጣጠር ይቻላል፤ ማሳ ላይ ከባድ ነው። ከመጠን ያለፈ ሴሌኒየም የካድሚየምን መግባት ጭራሽ ያባባሰባቸው ሙከራዎችም አሉ።

ለእኛ አገር አፈር ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ያለው በአሲዳማነት ላይ ይመስለኛል። አፈር አሲዳማ ሲሆን ካድሚየም ከአፈሩ ቅንጣቶች ይላቀቅና በውኃ ይሟሟል፤ ሥሩ በቀላሉ ያገኘዋል። ሴሌኒየም ግን በተቃራኒው ነው። በአሲዳማ አፈር ውስጥ በአብዛኛው ሴሌናይት ሆኖ በአይረንና በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ላይ ይጣበቃል፤ ሥሩ አያገኘውም። ማለትም አሲዳማ አፈር ጠላቱን ይፈታል፣ ረዳቱን ያስራል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ገደማው አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው የኢትዮጵያና የማላዊ የእህል ጥናትም በጤፍና በስንዴ ውስጥ ያለው ሴሌኒየም ከቦታ ወደ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ አሳይቷል። አሲዳማ አፈር ላይ የግብርና ኖራ ሲጨመር ሁለቱም ነገር በአንድ ጊዜ ይስተካከላል፦ ካድሚየሙ ይታሰራል፣ አፈሩ ውስጥ የነበረው ሴሌኒየም ደግሞ ይለቀቃል። ሴሌኒየም ከውጭ ከመግዛት በፊት ያለውን ማስፈታት ይቀድማል ብዬ አምናለሁ። ጥንቃቄ ግን ያሻል፤ አርሴኔትና ክሮሜት አሉታዊ ሙል ስላላቸው ኖራ እነሱንም አብሮ ሊፈታ ይችላል። የትኛው ብረት እንዳለ ሳይታወቅ ኖራም ሆነ ሴሌኒየም ማዘዝ አይገባም።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። የአቃቂን ወንዝ ተከትሎ በሚመረተው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ላይ ከባድ ብረቶች እንዳሉ ከ20 ዓመታት በፊት ጀምሮ በታተሙ ጥናቶች ተመዝግቧል። እነዚያን አትክልቶች የሚያመርቱት ቤተሰባቸውን በዚያ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው፤ የሚበሉትም የከተማዋ ነዋሪዎች። ሴሌኒየም እንዲህ ባለ ቦታ ሊረዳ ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እስካሁን ያየነውን ከያዝን ግን መልሱ ሦስት ጉዳዮችን ያነሳል።

የመጀመሪያው በተክሉ ጤናና በሚበላው ሰው ደኅንነት መካከል ያለው ልዩነት ነው። እርሳስ በአብዛኛው አፈሩ ላይና ሥሩ ላይ ይቀራል። ካድሚየም ግን ተክሉን በማይጎዳ መጠን ሰውን ሊጎዳ የሚችል ብረት ነው፤ ለምለም ቅጠል ዋስትና አይሆንም። ሴሌኒየም ደግሞ ቅጠሉን ይበልጥ ያለመልመዋል። መገርጣቱ ማስጠንቀቂያ ከነበረ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፤ ብረቱ ግን በቅጠሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በጃፓን ቶያማ፣ በጂንዙ ወንዝ ዳር፣ ከካሚዮካ ማዕድን ማውጫ በወረደ ካድሚየም የተበከለ ሩዝ ለዓመታት የበሉ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎድቶ አጥንታቸው ሲሰባበር ኖሯል፤ መንግሥት በሽታው ከብክለት የመጣ መሆኑን በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ስለዚህ የሴሌኒየም ሙከራ ስኬት መለካት ያለበት በምርት ብዛት ሳይሆን በሚበላው ክፍል ውስጥ ባለው ካድሚየም ነው።

ሁለተኛው ወደ ወንዙ የሚገባው የፋብሪካ ፍሳሽ ጉዳይ ነው። የቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ክሮሚየም ሲወጣ በአብዛኛው ያን ያህል የማይሟሟው መልክ ነው፤ አፈር ውስጥ ያለ የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ግን ከፊሉን ወደ ክሮሜት ሊለውጠው ይችላል። ሴሌኔት በመግቢያው ላይ ከክሮሜት ጋር ቢፎካከርም በየቀኑ አዲስ ክሮሚየም ከሚያመጣ ወንዝ ጋር የሚደረግ ፉክክር አያሸንፍም። ፍሳሹን ከምንጩ ማጣራት ያለበት ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ የሴሌኒየም ጠርሙስ ይዞ ወደ አትክልተኛው መሄድ ያንን ግዴታ ማሸጋገር እንዳይሆን እፈራለሁ።

ሦስተኛው ተግባራዊ ነው፤ ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው የምለውም ይህንን ነው። የአፈሩን አሲዳማነት፣ የካድሚየሙንና የሴሌኒየሙን መጠን ያስለኩ። ማሳውን ለሁለት ከፍለው በአንዱ ላይ ብቻ በሄክታር በግራም የሚቆጠር ሴሌኒየም ይሞክሩ፤ በመከር ጊዜ ከሁለቱም ወገን የሚበላውን ክፍል አጥበው፣ አድርቀው ካድሚየምንም ሴሌኒየምንም በቤተ ሙከራ ያስለኩ። መታጠቡ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በቅጠል ላይ ያለው እርሳስ ብዙውን ጊዜ በሥር የገባ ሳይሆን ከአቧራ የተቀመጠ ነው፤ በእሱ ላይ ሴሌኒየም አይሠራም። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስም ምርጫ አለ። ቅጠላ ቅጠል ካድሚየምን በቅጠሉ ስለሚያከማች ከሁሉ ይበልጥ ያጋልጣል፤ እንደ ቲማቲም ያሉ ፍሬ ሰጪዎች ወደ ፍሬያቸው የሚያሳልፉት በአብዛኛው ያነሰ ነው፤ አበባና የጌጥ ተክል ደግሞ ጭራሽ አይበላም።